ቁጥር አሥራ ሰባት

ከዚራ፣ ዛፍ ጥላ ሥር፣ ከለገሃር ማዶ፣
ሰዓት እጠግናለሁ፤ ጥርሱ የወለቀ፣ ልቡ የቀረ ባዶ።
የባንኮኒዬ መስታወት ግን ሰዓት አይደለም ያቀፈው፤
ከሥሩ የተኛው ሌላ ነው፣ ዘመን ያላጣጠፈው፦
የማስቲካ ፎቶ።

የክብሪት ቀፎ ታህላለች አንዷ፣ ጠርዟን አይጥ ቀመስ አድርጓት፣
የስንት ልጅ ላብ የጠጣች፣ የስንት ኪስ ስፌት አድክሟት።
በጀርባዋ ቁጥር አለ፤ ስሙ በፈረንጅ ፊደል፤
ማንበብ ስላልቻልን ያኔ፣ ስም ሰጠናቸው በዕድል፦
"ገመዶ"፣ "ሸምበቆ"፣ "የጎማው ልጅ"፤
አንዱንማ፣ እግሩ ቢወላገድ፣ አልነው "የወጌሻ ወዳጅ"።

ማስቲካው ከጅቡቲ በባቡር ይመጣ ነበር፣ ከጨው ጋር፤
ፍሬን ያዡ ጋሽ በዳሶ ኪሱን ሲዳብስ፣ እንራኮት ነበር ከሐዲዱ ዳር።
ማስቲካውን ለእህቶቻችን፣ ፎቶውን ለራሳችን፤
ጣፋጩን ሰጥተን ካርቶን ብንወስድ፣ "ጅሎች" አሉን እናቶቻችን።

ጨዋታው እንዲህ ነው፦ ሁለት ፎቶ በደረቱ ይደፋል፤
መዳፍ ጎድጎድ ተደርጎ ይመታል፤ ነፋሱ የገለበጠው ይዘረፋል።
ሃያ አራት ሰበሰብኩ። ከሃያ አምስቱ አንድ ቀረኝ፤
ቁጥር አሥራ ሰባት፣ በረኛው፣ እሱ ብቻ ነው ያልመጣልኝ።

ሮብሌ ግን "አለኝ" አለ።
የደቻቱ ዳር ልጅ፣ በዝናብ ቀን ተወልዶ ስሙ ከዚያው የመጣ፤
ጭብጡን ጨብጦ፣ በጣቶቹ መሀል ጠርዙን ሲያሳየኝ፣ ነፍሴ ልትወጣ።
"ሦስት አጥቂ አምጣ፤ አንበሉን ጨምር፤ ውሰደው።"
እኔ ደግሞ ንፉግ ነኝ። "ለበረኛ? ማን አብዶ ነው?
ኳስ እስኪመጣ የሚቆም ሰው ከአራት ሯጭ ይበልጣል እንዴ?"
ሳቀ። ጭብጡን ኪሱ ከተተ። "ነገ ትለምነኛለህ፣ ሆዴ።"

ነገ።

ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው፤ እኛ ሜዳ የምንለው፤
ጎሉ ሁለት ድንጋይ፣ መስመሩም በአመድ የሣልነው።
ያን ሌሊት፣ እኛ ጋ ጠብ ሳይል፣ ከላይ የሌላ አገር ዝናብ ወረደ፤
ሜዳው ቆሞ ተነሣ፤ በር ሳያንኳኳ ቤት ለቤት ሄደ።
ጠዋት ሁለቱን ድንጋይ ፈለግሁ።
ሮብሌንም።

ዛሬ ሐምዲ፣ የእህቴ ልጅ፣ ከታይዋን ገበያ ይመጣል፤
ካርዱ ሲያዘነብሉት ያበራል፣ ተጫዋቹ መልክ ይለውጣል።
"በጣትህ አትንካ፣ አጎቴ! ጠርዙን ነው የሚያዘው!"
እኔ፣ የሴት ሰዓት ብሎን በመቆንጠጫ የማነሣ፣
እጄን ታጥቤ ቀረብኩ፣ እንደ ተጠራ ለምሳ።
በግራ የእኔ፣ በቀኝ የእሱ፣ መሀሉን አንድ ክር፤
የእኔዎቹ ደብዝዘዋል፤ የእሱ ይስቃሉ እንደ ሙሽራ ከንፈር።

ባለፈው ከሸገር አንድ ሰው መጣ፣ ጓንት ያጠለቀ፤
በእኔው አጉሊ መነጽር ቃኘ፣ ትንፋሹን እየጠበቀ።
"ሃያ አምስቱ ቢሞላ ኖሮ" አለ "ባጃጅ ትገዛበታለህ፤
በጎደለው ግን..." እጁን አራገበ፤ "ሻይ ትጠጣበታለህ።"

ከተማው በሚያሸልብበት ሰዓት፣ አስፋልቱ ሲቀልጥ፣
ፈርዶሳ መጣች፣ የሮብሌ እህት፣ የቆመ ሰዓት ልታስለውጥ።
ባትሪውን ስፈልግ ግንባሯን መስታወቱ ላይ አስደገፈች።
"ይህ ባዶው ምንድን ነው?"
"አሥራ ሰባት። ወንድምሽ ነበረው።"
ዝም አለች። ከዚያ ሳቀች፤ ዓይኗን እስክትጠርግ ሳቀች።
"ሮብሌ? ምን ነበረውና! የክብሪት ቀፎ ጎን ቀዶ፣
በእኔ እስክሪብቶ አስምሮ፣ አመሸ እንጂ ኩራዝ አንድዶ።
ፊት መሣል አቃተው፤ ኳሷን እንኳ እንቁላል አስመስሏት ነበር፤
ለዚህ እኮ ነው በጣቶቹ መሀል ያሳየህ፣ ጠርዙን ብቻ፣ ዳር ዳር።"

አርባ ዓመት የንፍገቴን ዕዳ የከፈልኩለት በረኛ
ፊት አልነበረውም።
ልናደድ ሞከርኩ፤ አልመጣልኝም።
ሰዓቷን አስነሣሁላት። ሒሳብ አልተቀበልኩም።

ማታ ሦስቱን አጥቂና አንበሉን ከረድፋቸው አወጣሁ፤
ዕዳ እንደሚከፍል ሰው፣ ከባዶው ፊት ደርድሬ፣ ቆሜ አየሁ።
ሐምዲ ገባ፤ አቧራ ለብሶ፣ ጉልበቱ ተልጦ።
"ይሄ ቦታ የማን ነው?"
"የበረኛው።"
"የት ሄደ ታዲያ?"
"ኳስ ሊያመጣ። ደቻቱ ማዶ ተመትታ ነበር።"